በአንድ ዶላር የተፈረመ ስም

በማርች 1970 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) «ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ» የተባለ ሸክላ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ሥራው የጂሚ ሄንድሪክስ ነው። ያሳተመው ግን እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ሙዚቃውን ሲያወጣለት የኖረው ሪፕራይዝ ሳይሆን ካፒቶል የተባለው ኩባንያ ነበር። በዘመኑ ከሮክ ሙዚቀኞች ሁሉ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙት አንዱ የነበረው ይህ ሰው አዲስ ሥራውን ለሌላ ኩባንያ አሳልፎ የሰጠው ወድዶ አልነበረም። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ስሙን የሚያውቀው ሰው ባልነበረበት ጊዜ፣ የፈረመው አንድ ውል ያስከተለበትን ዕዳ መክፈሉ ነበር። በዚያ ውል ላይ ስለ ፊርማው የተቀበለው ገንዘብ አንድ ዶላር ነው።

የሄንድሪክስ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ሲተረክ የሚጀምረው ከለንደን ነው። በሴፕቴምበር 1966 ጊታሩን ይዞ እንግሊዝ አገር የገባ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት በጥቂት ሳምንታት የከተማይቱን ስመ ጥር ጊታር ተጫዋቾች አፍ አስከፈተ፣ ዓመት ሳይሞላው ዓለም አወቀው ይባላል። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አተራረኩ ሰውዬውን ከሰማይ ዱብ ያለ ያስመስለዋል። ለንደን የገባው ግን ጊታር መምታትን እንጀራው አድርጎ አራት ዓመት ሙሉ በሌሎች ድምፃውያን ጀርባ የቆመ፣ የተባረረ፣ የተቀጣ፣ ጊታሩን በመያዣ ያስያዘ ባለሙያ ነበር። የአንድ ዶላሩም ውል የዚያ ኑሮ ውጤት ነው።

ልጁ ኖቬምበር 27 ቀን 1942 በሲያትል ከተማ ሲወለድ እናቱ ሉሲል ጄተር አሥራ ሰባት ዓመት ከሞላት ገና ሁለት ወር አልሆናትም ነበር። አባቱ አል ሄንድሪክስ በተጋቡ በሦስተኛው ቀን ለጦር ሠራዊት ተጠርቶ ወደ ደቡብ ተልኳል። የልጁን መወለድ የሰማው አላባማ ውስጥ በጦር ሰፈሩ እስር ቤት ሆኖ ነው። ጥፋት አልተገኘበትም፤ አለቆቹ ፈቃድ ከከለከሉት በኋላ ቤተሰቡን ለማየት ይኮበልላል ብለው ስለ ሠጉ ቀድመው ቆለፉበት። እናትየው ለሕፃኑ ጆኒ አለን የሚል ስም አወጣችለት፤ ቤተ ዘመድ ግን ባስተር እያለ ይጠራው ጀመር። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ሕፃኑ ከዘመድ ወደ ወዳጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ ካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ተጠጋ። አል በ1945 ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ሊወስደው ሲመጣ አባትና ልጅ የተያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በማግሥቱ ዓመት አባት የልጁን ስም በሕግ ለውጦ ጄምስ ማርሻል ሄንድሪክስ አለው፤ ማርሻል የሟች ወንድሙ ስም ነው። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንግዲህ ሁለት ሕጋዊ ስምና አንድ የቤት ስም ነበረው። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ስም ጉዳይ ሆኖ ይመለሳል።

የአል ወላጆች በተዘዋዋሪ የመድረክ ቡድን ውስጥ የነበሩና በኋላ ካናዳ፣ ቫንኩቨር የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፤ አያቱ ኖራ ዳንሰኛ ነበረች። መድረኩ ከዘሩ ነበር ቢባል ያስኬዳል። ቤቱ ግን የችግር ቤት ነበር። አልና ሉሲል ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከጄምስ ቀጥሎ ከተወለዱት ታናናሾቹ መካከል አብሮት ያደገው ሊዮን ብቻ ሲሆን የቀሩት ለማሳደጊያና ለሌሎች ቤተሰቦች ተሰጡ። ባልና ሚስቱ በ1951 ተፋቱ። አል የሰው ግቢ ሣር እያጨደ፣ ያገኘውን የጉልበት ሥራ እየሠራ ሁለቱን ወንዶች ልጆች ለማሳደግ ታገለ። በፌብሩዋሪ 1958 ሉሲል ሞተች። አባት ልጆቹን ወደ ቀብሩ አልወሰዳቸውም። ትልቁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር።

ሲያትል በሕግ የተለየ የጥቁር ሰፈር አልነበራትም። በቤት ሽያጭ ውሎች ላይ በሚሰፍሩ ክልከላዎችና በአከራዮች ልማድ ምክንያት ግን ጥቁር ነዋሪዎች የሚኖሩት ከሞላ ጎደል ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው አካባቢ ታጥረው ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ስደተኞች በብዛት የሰፈሩበት፣ በቼሪ ጎዳና ላይ የእንጀራና የቡና ቤት የከፈቱበት ሰፈር ይኸው ነው። ጄምስ የተማረበት ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከዚያ ጎዳና ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ይገኛል። ትምህርቱን አልጨረሰም።

ሙዚቃውን የጀመረው በመጥረጊያ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ መጥረጊያ እንደ ጊታር አቅፎ ሲዞር ማየት የሰለቻት አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ ለችግረኛ ልጆች ከተመደበው ገንዘብ ጊታር እንዲገዛለት ደብዳቤ ጻፈች። ጥያቄዋ ተቀባይነት አላገኘም፤ አልም አልገዛም አለ። በ1957 ከአባቱ ጋር የአንዲት አሮጊት ግቢ ሲያጸዱ ከቆሻሻው መካከል አንድ ክር ብቻ የቀረላት ኡኩሌሌ አገኘ። ኡኩሌሌ ጊታር የምትመስል ባለ አራት ክር የሃዋይ መሣሪያ ናት። በዚያች አንድ ክር በራዲዮ የሚሰማውን ዜማ እየለቀመ መጫወት ጀመረ። እናቱ በሞተችበት ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ ያገለገለ ጊታር በአምስት ዶላር ተገዛለት፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አባቱ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛለት።

ልጁ ግራኝ ነበር። ጊታር የሚሠራው ደግሞ ለቀኝ እጅ ነው። ለግራኝ የተሠራ ጊታር ውድና በቀላሉ የማይገኝ ስለነበር የቀኙን ጊታር ገልብጦ ክሮቹን በተቃራኒ ቅደም ተከተል መልሶ ወጠራቸው። አባቱ በግራ እጅ መጫወትን እንደ ርኩስ ነገር ይቆጥረው ስለነበር፣ አል ቤት ሲገባ ጊታሩን አዙሮ በቀኙ ይመታ እንደነበር ወንድሙ ሊዮን ተርኳል። የተገለበጠው ጊታር በኋላ የሄንድሪክስ መለያ ሆነ። የድምፅ መቆጣጠሪያው ከታች መሆኑ ቀርቶ ከላይ፣ በክንዱ ሥር ይውላል፤ በአንገቱ ጫፍ ላይ የክሮቹ ርዝመት ስለሚገለባበጥ የአንዳንዱ ውጥረት ለጣት የተለየ ይሆናል። ብዙ ሰዎች ይህን ከተአምር ቆጥረውታል። መነሻው ግን ሌላ መግዣ ማጣት ነው።

የመጀመሪያ የመድረክ ሥራው የቆየው ግማሽ ምሽት ነው። ሲያትል ውስጥ በአንድ የአይሁድ ምኩራብ ምድር ቤት ከተሰበሰበ ባንድ ጋር ተጫወተ፤ ራሱን ለማሳየት ብዙ ስለተወራጨ በእረፍቱ ሰዓት አሰናበቱት። ከዚያ «ሮኪንግ ኪንግስ» የተባለ የሰፈር ባንድ ገባ። አባቱ የገዛለት ጊታር ከአንድ ክለብ መድረክ ጀርባ ጥሎት ባደረ ሌሊት ተሰረቀ፤ አል እየተነጫነጨ ሌላ ገዛለት። በሜይ 1961 ሁለት ጊዜ በተሰረቀ መኪና ውስጥ ተይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ምርጫ ተሰጠው፤ እስር ቤት ወይም ጦር ሠራዊት። በወሩ መጨረሻ ተመዘገበ።

በኬንታኪና በቴነሲ ድንበር ላይ በሚገኘው ፎርት ካምቤል የ101ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ባልደረባ ሆነ። ለአባቱ ጊታሩን ላክልኝ ብሎ ጻፈ። አንድ ቀን በወታደሮች ክበብ ሲለማመድ ድምፁን በመስኮት የሰማ ቢሊ ኮክስ የተባለ ወታደር ገብቶ ተዋወቀው፤ ኮክስ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ይህ ወዳጅነት እስከ ሄንድሪክስ ዕለተ ሞት ዘልቋል። ውትድርናው ግን አልዘለቀም። አለቆቹ በሥራ ላይ ይተኛል፣ ሐሳቡ ጊታሩ ላይ ብቻ ነው እያሉ ጻፉበት፤ በጁን መጨረሻ 1962 ተሰናበተ። እሱ ራሱ በኋላ በዝላይ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነው ይል ነበር። ሰነዶቹ ከአለቆቹ ጋር ይስማማሉ፤ ዝላዩን የሚያስነሳው ታሪክ ግን ለአድማጭ ይጥማል።

ኮክስም ሲሰናበት ሁለቱ «ኪንግ ካዙዋልስ» የተባለ ባንድ ይዘው ወደ ናሽቪል ሄዱ። ናሽቪል ሲባል ለብዙ ሰው የሚታወሰው የነጮቹ የካንትሪ ሙዚቃ ነው። በከተማይቱ ሰሜን፣ በጄፈርሰን ጎዳና ግን ሌላ ናሽቪል ነበረ፤ የጥቁሮቹ ክለቦች የተደረደሩበት፣ ሌሊቱ ሙሉ በብሉዝና በሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚናጥ። ሄንድሪክስና ኮክስ «ዴል ሞሮኮ» በሚባለው ክለብ ተቀጥረው ሠሩ። የዚያ ጎዳና ታዳሚ ጨዋ ታዳሚ አልነበረም፤ ያልጣመውን ያወርዳል። ጊታርን በጥርስ መምታት፣ ከጀርባ አዙሮ መጫወት፣ በእግር መካከል አሳልፎ መምታት በዚያ የተለመደ የሥራ ብልሃት ነበር። ከዓመታት በኋላ የእንግሊዝ ጋዜጦች እንደ አዲስ እብደት የጻፉለት ሁሉ ጄፈርሰን ጎዳና ላይ የማንኛውም ጊታር መቺ የቤት ሥራ ነበር። እንደሚተረከውም «ክለብ ባሮን» ውስጥ ጆኒ ጆንስ ከተባለ የአካባቢው ጊታር ተጫዋች ጋር ገጥሞ ተሸንፏል፤ ጆንስ ዕድሜውም ማጉያውም ይበልጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኢንተርስቴት 40 የተባለው አውራ ጎዳና ሰፈሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከክለቦቹ አብዛኞቹ ፈረሱ። የሄንድሪክስ ትምህርት ቤት ለማስታወሻ እንኳ ሳይበቃ አስፋልት ሥር የቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከናሽቪል ተነሥቶ የሄደበት መንገድ «ቺትሊን ሰርኪት» ይባላል። ቺትሊን በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሮች ከባርነት ዘመን ጀምሮ እያዘጋጁ የሚመገቡት የአሳማ አንጀት ነው። የዘር መድልዎ ሕግ በጸናበት ዘመን ጥቁር ሙዚቀኞች ለጥቁር ታዳሚ የሚጫወቱባቸው ቲያትር ቤቶች፣ ክለቦችና የመንገድ ዳር መሸታ ቤቶች ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ነበር። በዚህ መስመር የሚዞር አጃቢ በአውቶቡስ ይተኛል፤ ብዙ ሆቴል አይቀበለውም። ክፍያው ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም የለም። ድምፃዊው ሲታመም፣ አዘጋጁ ሲሰወር አጃቢው በማያውቀው ከተማ ይቀራል። ሄንድሪክስ እንዲህ ሆኖ የቀረባቸው ከተሞች ጥቂት አልነበሩም።

ያም ሆኖ የተማረው ነገር ከዚያ መንገድ ውጭ የሚገኝ አልነበረም። ከርቲስ ሜይፊልድ የመራው «ኢምፕሬሽንስ» በሠራባቸው መድረኮች በማጀብ ተካፍሏል። ሜይፊልድ የሚጫወተው ሪትምና ዜማ ሳይለያዩ ነው፤ በአንድ እጅ ስምምነቱን ይዞ በዚያው መካከል ትንንሽ ዜማዎችን ይሸምናል። ሄንድሪክስ በኋላ በ«ሊትል ዊንግ»ና መሰል ለስላሳ ሥራዎቹ ያሰማው የጊታር አመታት የዚህ ልጅ ነው። በእሳትና በጩኸት የታወቀው ሰው ከሁሉ በፊት የተዋጣለት ሪትም ጊታሪስት መሆኑን ያስተዋሉት ጥቂቶች ናቸው። ሦስት ሰው ብቻ ባለው ባንድ ውስጥ የአምስት ሰው ድምፅ ያወጣው በዚህ ነው፤ አውራ ጣቱ ከአንገቱ በላይ ዞሮ ወፍራሙን ክር ይይዛል፤ የቀሩት ጣቶች ለዜማው ነፃ ይሆናሉ።

በ1964 መግቢያ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ገባ። በአፖሎ ቲያትር የጀማሪዎች ውድድር አንደኛ ወጣ፤ ሽልማቱ ግን ሥራ አላመጣለትም። በመጋቢው ወራት «አይዝሊ ብራዘርስ» አጃቢ አድርገው ቀጠሩት። ከእነሱ ጋር «ቴስቲፋይ» የተባለውን ዘፈን ቀረጸ፤ በዚያው ዓመት በዶን ኮቬይ «መርሲ፣ መርሲ» ላይ የተሰማው ጊታርም የእሱ ነው። ዘፈኑ ሲታወቅ የጊታር መቺውን ስም የጠየቀ አልነበረም። የአይዝሊዎች ባንድ ደንብ የበዛበት ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳል፤ የጫማው ማሰሪያ ያልተመሳሰለ አምስት ዶላር ይቀጣል ሲል ሄንድሪክስ በኋላ አስታውሷል።

ከአይዝሊዎች ወደ ሊትል ሪቻርድ ሄደ። ያኔ ራሱን ሞሪስ ጄምስ ብሎ ይጠራ ነበር፤ ሦስተኛው የሙያ ስም ሳይሆን የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሊትል ሪቻርድ ከሮክ ኤንድ ሮል መሥራቾች አንዱ ነው፤ በመድረኩም ላይ ከእሱ በቀር ማንም እንዲያምር አይፈልግም። አጃቢው ጥልፍልፍ ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ ተቀጣ። በ1965 «ናይት ትሬን» በተባለው የናሽቪል የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የተቀረጸ ፊልም ተርፏል። ከፊት ሁለት ወጣት ድምፃውያን ይዘፍናሉ፤ ከኋላ ከአጃቢዎቹ መካከል አንድ ቀጭን ግራኝ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ልክ እየተወዛወዘ ጊታሩን ይመታል። የሊትል ሪቻርድ ወንድም ስለ መዘግየቱ አባረርኩት ይላል፤ ሄንድሪክስ ለአባቱ የጻፈው ደግሞ ደመወዝ ስለማይከፈለኝ ተውኩት ብሎ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

በጁላይ 1965 «ሱ ሬኮርድስ» ከተባለ ኩባንያ ጋር ተፈራረመ፤ ከዚያ የወጣ ሸክላ የለም። በመከር ወራት በአንድ ርካሽ ሆቴል መግቢያ ላይ ከርቲስ ናይት የተባለ ድምፃዊ አገኘው። በናይት አባባል ሄንድሪክስ በዚያን ጊዜ የቤት ኪራይ ለመክፈል ጊታሩን እስከ ማጣት ደርሶ ነበር፤ ናይት የራሱን አውሶ «ስኳየርስ» በተባለው ባንዱ ውስጥ አስገባው። ከናይት ጀርባ ኤድ ቻልፒን የሚባል የሙዚቃ ነጋዴ ነበረ፤ ኩባንያው ፒ ፒ ኤክስ ይባላል። ኦክቶበር 15 ቀን 1965 ሄንድሪክስ ከእሱ ጋር ውል ፈረመ። ሦስት ዓመት ለፒ ፒ ኤክስ ብቻ ለመሥራት ግዴታ ገባ፤ በምላሹ አንድ ዶላርና ከሸክላ ሽያጭ አንድ በመቶ ታሰበለት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በዚያ ዕለት ጊታር ያልነበረው ሰው ወረቀቱን በጥንቃቄ ያነብባል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከሦስት ወር በፊት ሌላ ውል እንደ ነበረውም ያነሣ አይመስልም። ለእሱ ፊርማ ማለት የሚቀጥለው የስቱዲዮ ሰዓት፣ የሚቀጥለው ምሳ ነበር። ለቻልፒን ግን ፊርማ ፊርማ ነው።

በ1966 የራሱን ባንድ አቆመ፤ ስሙንም ጂሚ ጄምስ አለው። ሥራው ኒው ዮርክ፣ ግሪኒች ቪሌጅ፣ «ካፌ ዋ» በሚባል ምድር ቤት ነበር። በሜይ ወር ሊንዳ ኪት የተባለች እንግሊዛዊት ሌላ ክለብ ውስጥ በአጃቢነት ሲጫወት አይታው ተገርማ ነበር፤ የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ ወዳጅ ነበረች። ያየችውን ለማሳየት ሁለት የሙዚቃ ሰዎች ይዛ ሄደች። ሁለቱም ሳይቀበሉት ቀሩ። ሦስተኛው ቻስ ቻንድለር ነው፤ «አኒማልስ» በተባለው የእንግሊዝ ባንድ ቤዝ ጊታር ይመታ የነበረና ሥራውን ትቶ የሙዚቃ አዘጋጅ ለመሆን የወሰነ። ቻንድለር «ሄይ ጆ» የተባለውን ዘፈን የሚያስቀርጸው ሰው ሲፈልግ ነበር፤ ካፌ ዋ ሲገባ ሄንድሪክስ ይጫወት የነበረው እሱኑ ነው።

ቻንድለር ወደ ለንደን ከመውሰዱ በፊት ከማን ጋር ተዋውለሃል ብሎ ጠየቀው፤ የተነገሩትን ውሎች በገንዘብ አስቀረ። የፒ ፒ ኤክስ ውል አልተነገረውም። ረስቶት ይሁን ወይም አንድ ዶላር የተከፈለበት ወረቀት ውል መሆኑን ሳያምንበት ቀርቶ፣ የሄንድሪክስን ልብ ማወቅ አይቻልም። ሴፕቴምበር 24 ቀን 1966 ለንደን ሲደርስ የስሙ አጻጻፍ ጥቂት ተለውጦ ጂሚ ሄንድሪክስ ሆነ። አባቱ ያወረሰው የቤተሰብ ስም በሙያው ላይ የተመለሰው ያኔ ነው።

የቀረው የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ይበቃል። በደረሰ በሳምንቱ ከኤሪክ ክላፕተን ባንድ ከ«ክሪም» ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ የሃውሊን ዎልፍን አንድ ብሉዝ ተጫወተ፤ ክላፕተን በድንጋጤ ከመድረኩ ወርዶ ነበር ይባላል። ከኖኤል ሬዲንግና ከሚች ሚቸል ጋር የመሠረተው ባንድ በዲሴምበር «ሄይ ጆ»ን አወጣ፤ በእንግሊዝ ስድስተኛ ደረጃ ደረሰ። በሜይ 1967 የመጀመሪያው አልበሙ ወጣ፤ ጁን 18 ቀን በካሊፎርኒያው የሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ ጊታሩን በእሳት አቃጠለ። ከዘጠኝ ወር በፊት ጥሏት የሄደች አገር በአንድ ምሽት አወቀችው።

ቻልፒንም አወቀው። ውሉን ይዞ በዚያው ዓመት በአሜሪካና በእንግሊዝ ክስ መሠረተ። ከሁሉ የሚያስገርመው ክሱ በተነሣበት በ1967 በጋ ሄንድሪክስ ራሱ ወደ ቻልፒን ስቱዲዮ ተመልሶ ከከርቲስ ናይት ጋር መቅረጹ ነው። ጠበቆች ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ጊታር ሲቸግረው ጊታር ያዋሰውን ሰው እምቢ ለማለት ፊት ያልነበረው ይመስላል። በዲሴምበር ካፒቶል «ጌት ዛት ፊሊንግ» የተባለ ሸክላ አወጣ፤ የአጃቢነት ዘመኑ ቅጂዎችና የበጋው ሥራ የተቀላቀሉበት። በሽፋኑ ላይ የሄንድሪክስ ፎቶግራፍ ተሠርቶበታል፤ ሄንድሪክስ ይጫወታል፣ ናይት ይዘፍናል ይላል። ገዢው አዲስ የሄንድሪክስ ሥራ ያገኘ መስሎት ገዛ። አራት ዓመት ሙሉ በሌሎች ስም ጀርባ የኖረው ሰው አሁን በእሱ ስም ጀርባ ሌሎች ቆሙ።

ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1968 ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ሲያትል ተመልሶ ተጫወተ። አባቱን አየ። በማግሥቱ ጠዋት ጋርፊልድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ፊት አቀረቡት። ባንዱ አልነበረም፤ ጊታሩም አልነበረም። በሺህ ሰዎች ፊት ጊታር የሚያቃጥለው ሰው ተማሪዎቹ ላቀረቡለት ጥያቄ በጥቂት ቃል መልሶ በፍርሃት ቶሎ ወረደ።

በ1968 የአሜሪካው ክርክር በስምምነት አለቀ። ቻልፒን ከሄንድሪክስ ሸክላዎች ገቢ ድርሻ እንዲያገኝና አንድ አዲስ አልበም ለካፒቶል እንዲሰጥለት ተወሰነ። ያ አልበም ነው «ባንድ ኦቭ ጂፕሲስ»። የተቀረጸው በ1970 የአዲስ ዓመት ዕለት በኒው ዮርኩ «ፊልሞር ኢስት» መድረክ ላይ ነው። ከበሮውን በዲ ማይልስ፣ ቤዙን ቢሊ ኮክስ ይመታሉ፤ የፎርት ካምቤሉ ወታደር፣ የጄፈርሰን ጎዳናው ባልንጀራ። የዕዳ መክፈያ ሥራ ተብሎ የሚናቅ ሸክላ አይደለም። ለቬየትናም ጦርነትና ለአሜሪካ ከተሞች ግጭት ያቀረበው «ማሽን ጋን» በዚህ ውስጥ ይገኛል፤ ብዙ የጊታር ሰዎች ከሥራዎቹ ሁሉ ያስቀድሙታል። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970 ለንደን ውስጥ በሃያ ሰባት ዓመቱ አረፈ፤ ሲያትል አጠገብ በሬንተን ተቀበረ።

ውሉ ግን አልሞተም። የእንግሊዙ ክስ በ1973 በስምምነት ተዘጋ፤ ፒ ፒ ኤክስ ጥቂት የተዘረዘሩ ቅጂዎችን ብቻ እንዲሸጥ፣ የቀሩትን እንዲያስረክብ። አል ሄንድሪክስ በ1995 የልጁን ሥራዎች መብት አስመለሰ፤ ያቋቋመው የቤተሰብ ኩባንያም ፒ ፒ ኤክስ ከተፈቀደለት ውጭ ሲሸጥ ኖሯል ብሎ በለንደን ከሰሰ። አል በ2002 ሞተ። በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ ፈረደ፤ ጉዳቱን በቁጥር ማረጋገጥ ባይቻልም እንኳ ውል አፍራሹ ፈቃድ ቢጠይቅ ኖሮ ይከፍል የነበረውን ተገቢ ገንዘብ ይክፈል ሲል። ይህ ፍርድ እስከ ዛሬ በሕግ ትምህርት ቤቶች የውል ሕግ ተማሪዎች የሚያነቡት ነው።

በ2014 የቤተሰቡ ኩባንያ ከሶኒ ጋር ሆኖ የፒ ፒ ኤክስን ቅጂዎች ገዛ። ከአንድ ዶላሩ ፊርማ አርባ ዘጠኝ ዓመት አልፏል። በ2015 ከእነዚሁ ቅጂዎች የተመረጡት በአንድ አልበም ወጡ፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስሜን መጠቀም አትችሉም» ይላል። ቃሉ የሄንድሪክስ የራሱ ነው። በ1967 በጋ፣ በቻልፒን ስቱዲዮ፣ በሁለት ዘፈኖች መካከል ስሙ በዚህ ሥራ ላይ እንዳይወጣ ሲያሳስብና አይወጣም ተብሎ ቃል ሲገባለት ቴፑ ሳይዘጋ እየዞረ ነበር።